ስለ ውኃ ውድነትና በኮቻባምባ ከተማ ስለ ኾነው ነገር

አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት መገኘቱን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከእነዚህ ከአራቱ ነፋስን ሰው ኹሉ ዋጋ ሳይከፍል ይተነፍሳል፤ እሳትንም ጐረቤት ከጐረቤቱ ይጭራል፤ መሬት ግን ከጥንት ጀምሮ ባለቤትና ወሰን የተደረገላት ስለ ኾነች ስንት ደም ያፈሰሰች ናት። ውኃ በእነዚህ መካከል የቆመ ነው። በአንድ ወገን እንደ ነፋስ የሰማይ ስጦታ ነው፤ በሌላ ወገን እንደ መሬት የሚከለል፣ የሚለካና የሚሸጥ ኾኖ ይገኛል። ይስሐቅ በጌራራ ሸለቆ ያስቈፈራቸውን የውኃ ጕድጓዶች ስም ያነበበ ኹሉ ይህን ነገር አይስተውም፤ ፊተኛው ኤሴቅ፣ ኹለተኛው ስጥና መባሉ ስለ ጠቡ ነበር፤ ርኆቦት የተባለው፣ ጠብ የሌለበት ጕድጓድ፣ የተገኘው በሦስተኛው ነው።

በአኹኑ ዘመን ይህ ጠብ ከእረኞች እጅ ወጥቶ ወደ ሹማምንት ጠረጴዛ፣ ወደ ኩባንያዎች ውልና ወደ ባንኮች መዝገብ ገብቷል። ስለዚህ የሕዝብን ጕዳይ በፊርማቸው የሚወስኑ ሰዎችና ሕዝብን የሚመክሩ ካህናት ነገሩን አጣርተው ቢያውቁት ይጠቅማል ብለን፣ በሩቅ አገር፣ በደቡብ አሜሪካ በቦሊቪያ ውስጥ የኾነውን አንድ እውነተኛ ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ግን ስለ ውኃ ማነስ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በምድር ላይ ካለው ውኃ ከመቶው 97 እጅ ተኩል ያህሉ ጨው ያለበት ነው። ጨው የሌለበት ከመቶው 2 እጅ ተኩል ብቻ ሲኾን፣ ከዚህም የሚበዛው በዋልታዎችና በታላላቅ ተራሮች ላይ በረዶ ኾኖ የተቀመጠ ወይም በምድር ሆድ የተሰወረ ነው። በወንዝና በሐይቅ የምናየው እጅግ ጥቂት ነው። ሰዎች ለጥቅማቸው ከሚቀዱትም ውኃ ከመቶው 70 እጅ ያህሉ የሚውለው ለእርሻ ነው። ይህን የሰማ ሰው እንግዲህ ውኃ የተጠማው ሕዝብ ኹሉ ዝናብ የተከለከለ ሕዝብ ይመስለው ይኾናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ባወጡት ቍጥር በ2022 ንጹሕ የኾነ፣ በግቢው ውስጥ ያለና በሚፈልገው ጊዜ የሚያገኘው ውኃ ያልነበረው ሰው 2.2 ቢሊዮን ነበር። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ የሚኖሩት ዝናብ በሚዘንብበትና ወንዝ በሚፈስበት አገር ነው። የአገራችን ሰው የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ብሎ የተረተው ይህን ዐይነቱን ነገር አይቶ ነው። ሊቃውንትም የውኃን ማነስ በኹለት ይከፍሉታል፤ አንደኛው ውኃው ራሱ ሲጠፋ ነው፤ ኹለተኛው ውኃው ሳለ ወደ ሰው የሚያደርሰው ቧንቧ፣ ገንዘብና አስተዳደር ሲታጣ ነው። በኮቻባምባ የምናየው ኹለቱ የተቀላቀሉበት ነው።

ኮቻባምባ ከቦሊቪያ ታላላቅ ከተሞች አንዷ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር በሚያህል ከፍታ፣ ይኸውም ከአዲስ አበባ ጋራ በሚቀራረብ ስፍራ፣ በአንዴስ ተራሮች መካከል ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ተቈርቍራለች። ስሟ በአገሩ በኬችዋ ቋንቋ የሐይቅ ሜዳ ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ዛሬ ቢነሡ፣ የሐይቅ ሜዳ ያሏት አገር ውኃን በመኪና ስታስጭን አይተው ይደነቁ ነበር። ለዚህ ያበቃት አንዱ ምክንያት የሰው መብዛት ነው። የቦሊቪያ መንግሥት በ1985 የቆርቆሮ ማዕድን የሚወጣባቸውን ጕድጓዶች መዝጋት በጀመረ ጊዜ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች እንጀራቸውን አጡ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ኮቻባምባ ወርደው፣ በከተማይቱ ደቡብ ባሉት ደረቅ ኰረብቶች ላይ ጐጆ ቀለሱ። ከገጠርም እርሻው ያልበቃው ገበሬ ተከተላቸው። ከተማይቱ አደገች፤ ቧንቧዋ ግን ከእርስዋ ጋራ አላደገም።

የከተማይቱ የውኃ መሥሪያ ቤት ሴማፓ ይባላል፤ የተቋቋመውም በ1967 ነው። ይህ መሥሪያ ቤት በ1990ዎቹ ዓመታት ውኃ የሚያደርሰው ከከተማው ሕዝብ ለግማሹ ያህል ብቻ ነበር። ከሚያስገባውም ውኃ እጅግ ብዙው በአሮጌ ቧንቧ ቀዳዳ እየፈሰሰ በመንገድ ይቀር ነበር። ቧንቧ የገባላቸው በሰሜን ያሉት መልካም መልካም ሰፈሮች ሲኾኑ፣ በደቡብ ኰረብታ ላይ የሰፈሩት ድኾች ግን ውኃ የሚገዙት ከቦቴ መኪና ነበር። ከዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ይገባል፤ የነገሩ ኹሉ ሥር እዚህ ነውና።

ከቧንቧ የሚቀዳ ሰው የሚከፍለው በሜትር ኩብ፣ ማለት በ1000 ሊትር ተቈጥሮ ነው። ከመኪና የሚገዛው ግን 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ነው። የበርሜሉ ዋጋ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ አምስቱ በርሜል አንድ ሜትር ኩብ መኾኑን አስቦ ለሚያሰላ ሰው ግን፣ ድኻው ለዚያው ልክ ባለጸጋው ከሚከፍለው ብዙ ዕጥፍ እንደሚከፍል ይገለጥለታል። ይህም በባለ መኪናው ስስት ብቻ የመጣ አይደለም። ውኃ ከባድ ሸክም ነው፤ አንድ ሙሉ በርሜል 200 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ሸክም በነዳጅ ኀይል በአቧራማ ዳገት ላይ እየጐተቱ ከቤት ወደ ቤት ማደል፣ በቧንቧ ውስጥ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ከማድረግ ጋራ በወጪ አይወዳደርም። ስለዚህ ቧንቧ የሌለው ሰው የውኃውን ዋጋ ብቻ ሳይኾን የነዳጁን፣ የጐማውን፣ የሾፌሩንና የነጋዴውን ትርፍ ጭምር ይከፍላል ማለት ነው። ደግሞም የተገዛው ውኃ በግቢ ውስጥ በዛገ በርሜል ሲቈይ ይበላሻል፤ ሕፃናትም ከእርሱ ጠጥተው በተቅማጥ ይታመማሉ፤ ለመድኀኒት የሚወጣው ገንዘብ በውኃ ዋጋ ላይ የሚጨመር ሌላ ዕዳ ነው።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። መንግሥት ለድኻ በማሰብ የቧንቧውን ውኃ ዋጋ ዝቅ አድርጎ ሲወስን፣ የዚህ ርኅራኄ ተካፋይ የሚኾነው ቧንቧ ያለው ሰው ብቻ ነው። ባለጸጋው በርካሽ ውኃ አበባውን ሲያጠጣ፣ መኪናውንም ሲያጥብ፣ ርኅራኄው የታሰበለት ሰው በበርሜሉ አጠገብ ባለ መኪናውን ቆሞ ይጠብቃል። ይህ ነገር በቦሊቪያ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በእኛም ከተሞች ከቦኖ ወይም ከጐረቤት በጀሪካን እየገዛ የሚጠቀም ሰው ሒሳቡን ቢያሰላው ይህንኑ ያገኘዋል።

የደቡቡ ሰዎች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በኬችዋ ቋንቋ አይኒ የሚባል፣ የእኛን ደቦ የሚመስል የመረዳዳት ልማድ አላቸው። በዚህ ልማድ እየተሰበሰቡ፣ ገንዘብም እያዋጡ፣ በየሰፈሩ የውኃ ማኅበር አቋቁመው ጕድጓድ ቈፈሩ፤ ጋን የሚያህል የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ሠሩ፤ ቀጭን ቧንቧም ዘረጉ። በሜዳው ዙሪያ ያሉትም ገበሬዎች ከአያቶቻቸው በወረሱት ተራ የወንዙንና የምንጩን ውኃ እየተከፋፈሉ እርሻቸውን ያጠጡ ነበር። ይህ ኹሉ በመንግሥት መዝገብ አልተጻፈም፤ ይሁን እንጂ ሕግ ነበረው፤ ዳኛም ነበረው፤ ባለመብቱንም ሰው ኹሉ ያውቀው ነበር።

በዚህ መካከል የቦሊቪያ መንግሥት ዕዳው በዝቶ ሳለ፣ ከዓለም ባንክ ጋራ ባደረገው ንግግር የኮቻባምባን ውኃ ለግል ኩባንያ እንዲሰጥ ተመከረ። በዚያ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ጄኔራል ሁጎ ባንሰር ነበሩ። ጨረታ ወጣ፤ የቀረበው ተጫራች አንድ ብቻ ኾነ። ተጫራቹ አጉዋስ ዴል ቱናሪ የተባለ ማኅበር ሲኾን፣ ከባለ አክሲዮኖቹም ዋናው የአሜሪካው የቤክቴል ኩባንያ ድርሻ ያለበት ነበር። በመስከረም ወር 1999 ውሉ ተፈረመ። ዘመኑ 40 ዓመት ነበር፤ ኩባንያው ካወጣው ገንዘብ በዓመት ቢያንስ ከመቶው 15 እጅ ትርፍ እንዲያገኝም ዋስትና ተሰጠው። ተወዳዳሪ በሌለበት ጨረታ ላይ የአርባ ዓመት ውል መፈረም ምን ዐይነት ጥበብ እንደ ኾነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ለኩባንያው እውነቱን አለመመስከር ግን ደግ አይደለም። የሴማፓን ዕዳ ተረክቦ ነበር። ከዚህም በላይ ሚሲኩኒ የተባለውን ታላቅ ሥራ፣ ማለት በቱናሪ ተራራ ውስጥ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ፈልፍሎ ከማዶ ያለውን ወንዝ ወደ ከተማይቱ የማምጣትን ነገር፣ የከተማው ከንቲባ አጥብቀው ስለ ፈለጉት በውሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ይህን ሥራ የዓለም ባንክ ወጪው ብዙ ነው ብሎ አልወደደውም ነበር። የዚህ ኹሉ ወጪ ወዴት እንደሚወድቅ ግን በአዳራሹ የተቀመጡት ሰዎች አልመረመሩም ወይም መርምረው ዝም ብለዋል። በጥር ወር 2000 አዲሱ የዋጋ ደብዳቤ በየቤቱ ደረሰ። ጭማሪው ኩባንያው እንደሚለው በአማካይ ከመቶው 35 እጅ ነበር፤ ዋጋው ዕጥፍ የኾነበትም ብዙ ሰው ተገኘ። የወሩ ዝቅተኛ ደመወዝ 70 ዶላር በማይሞላበት አገር፣ ለውኃ ብቻ 20 ዶላር ተጠየቅን የሚሉ ነበሩ። ዋሻው አልተፈለፈለም፤ አዲስ ቧንቧም አልተዘረጋም፤ ውኃው ሳይመጣ ዋጋው ቀድሞ መጣ።

ሕዝቡን ይልቁን ያስቈጣው ግን ሌላ ነው። በጥቅምት ወር 1999 ቍጥሩ 2029 የኾነ የውኃ ሕግ ወጥቶ ነበር። ይህ ሕግ ውል ለያዘ ኩባንያ በተከለለለት አገር ውስጥ ውኃ የማደሉን መብት ለብቻው የሚሰጥ ስለ ነበረ፣ የውኃ ማኅበሮቹ በገዛ እጃቸው የቈፈሩት ጕድጓድ የኩባንያው ሊኾን ነው፣ መቍጠሪያም ተደርጎበት ሒሳብ ልንጠየቅበት ነው ብለው ሰጉ። ገበሬዎቹም ከአያቶቻቸው የወረሱት ተራ ሊጠፋ ነው ብለው ተነሡ። በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ሕግ ያረቀቀው ሰው በካርታው ላይ ያየው ባዶ ኰረብታ ነበር፤ በኰረብታው ላይ ያለውን የሰው ላብ ካርታው አያሳይም።

በኅዳር ወር 1999 ገበሬዎቹ፣ የፋብሪካ ሠራተኞቹ፣ የውኃ ማኅበሮቹና የተማሩት ሰዎች በአንድነት ውኃንና ሕይወትን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ። መሪ ኾነው የታወቁት ሴኞር ኦስካር ኦሊቬራ በጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ የነበሩ ናቸው። በጥር ከተማይቱ ሥራ አቁማ መንገድ ዘጋች። በየካቲት ፖሊሶች በአስለቃሽ ጢስ ሰልፈኞችን ሲበትኑ ብዙ ሰዎች ቈሰሉ። በመጋቢት ማኅበሩ በራሱ ሥልጣን ሕዝቡን ድምፅ ሲያሰጥ 50 ሺህ ያህል ሰው ወጥቶ፣ እጅግ የሚበዛው ውሉ ይፍረስ አለ። መንግሥት ግን ድምፁን አልተቀበለውም።

በሚያዝያ መጀመሪያ ነገሩ በረታ። የማኅበሩ መሪዎች ከጠቅላይ ገዥው ጋራ ለመነጋገር ተሰብስበው ሳሉ በፖሊስ ተያዙ፤ በኋላም ተለቀቁ። የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ ቲቶ ሶላሪ በመካከል ገብተው ለማስታረቅ ደከሙ። መጋቢት 30 ቀን 1992 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ማለት በሚያዝያ 8 ቀን 2000 በፈረንጆች፣ ፕሬዚዳንቱ በመላ አገሩ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጁ። በዚያው ቀን አንድ የ17 ዓመት ወጣት በኮቻባምባ ጐዳና ላይ በጥይት ተመቶ ሞተ። ከኹለት ቀን በኋላ መንግሥት እጁን ሰጠ፤ የኩባንያው ሰዎች ከተማይቱን ለቀው ሄዱ፤ ውሉ ፈረሰ፤ የውኃውም ሕግ በማግስቱ በአዲስ ሕግ ተለወጠ።

ኩባንያው በ2001 በዋሽንግተን፣ በዓለም ባንክ ሥር ባለው የገንዘብ አፍሳሾች ክርክር መዳኛ ቦሊቪያን ከሰሰ፤ የጠየቀውም ካሣ ከ25 ሚሊዮን ዶላር የማያንስ ነበር። ከብዙ አገር ሕዝብ የተቃውሞ ደብዳቤ ጐረፈበት። በመጨረሻው በጥር ወር 2006 ክሱን ትቶ ድርሻውን በኹለት ቦሊቪያኖ፣ ማለት ከአንድ ዶላር ሩብ በማይበልጥ ዋጋ ለቀቀ። ድኻ ሕዝብ ባለ ብዙ ገንዘብ ኩባንያን እንዲህ አድርጎ የረታበት ጊዜ በታሪክ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የኮቻባምባ ስም በዓለም ኹሉ ተሰማ፤ መጻሕፍትም ተጻፉበት።

ብዙ ጸሓፊዎች ታሪኩን ከዚህ ላይ ያቆሙታል። እኛ ግን በርሜሉ የት እንዳለ መጠየቅ አለብን እንላለን።

ውሉ በፈረሰ ጊዜ ሴማፓ ወደ ከተማው ተመለሰ፤ በሥራ አመራሩም ላይ ሕዝቡ የመረጣቸው ሰዎች ተቀመጡ። ዋጋው ወደ ቀድሞው ወረደ። ነገር ግን የሚያፈሰው ቧንቧ ያው የሚያፈሰው ቧንቧ ነበር፤ ዕዳውም ያው ዕዳ ነበር፤ በሥራ አመራሩ ውስጥ ስለ ገንዘብ መባከን ሐሜትና ክርክር አልጠፋም። ዋጋው ሲወርድ የተጠቀመው ቧንቧ ያለው ሰው ነው። የደቡቡ ሰፈር ሰዎች፣ በሰልፉ ፊት ከቆሙት ብዙዎቹ ከእነርሱ ሳሉ፣ ከድሉ በኋላም ከቦቴ መኪና በበርሜል መግዛታቸውን ቀጠሉ። በ2004 የየሰፈሩ የውኃ ማኅበሮች ኅብረት መሥርተው፣ ከመንግሥትና ከውጭ አገር ረዳቶች ጥቂት ገንዘብ እያገኙ መስመራቸውን እያሳደጉ ሄዱ። ውኃ የማይወጣበት ጕድጓድ፣ ውኃው ጨው የኾነበትም ጕድጓድ አልጠፋም፤ አንዳንዱም ማኅበር የዘረጋው ቧንቧ የሚያፈሰው ራሱ ማኅበሩ ከመኪና ገዝቶ በማጠራቀሚያው የሞላውን ውኃ ነበር። እንዲህም ቢኾን ከበርሜሉ ይሻላል፤ በጅምላ የተገዛ ውኃ ዋጋው ይቀንሳልና።

ይህን ስንል ድሉን ለማቃለል አይደለም። ያ ውል ክፉ ውል ነበር፤ መፍረሱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ውኃ የማን ነው የሚለው ጥያቄና ቧንቧው እስከ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ኹለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ፊተኛው በጐዳና ላይ በሰልፍ፣ በሸንጎም በድምፅ ሊመለስ ይችላል። ኹለተኛው የሚመለሰው በመሐንዲስ፣ በሒሳብ ጸሓፊ፣ በየዓመቱ በሚመደብ ገንዘብና ቀዳዳን እየፈለገ በሚደፍን ሠራተኛ ትዕግሥት ነው። ለዚህ ሥራ ሰልፍ የሚወጣለት የለም፤ መታሰቢያ ሐውልትም አይቆምለትም።

ቦሊቪያ ፊተኛውን ጥያቄ በዓለም ሸንጎ ፊትም አቀረበች። በ2010፣ በሐምሌ ወር 28 ቀን፣ ንጹሕ ውኃና ንጽሕና የሰው ልጅ መብት እንዲባል ያቀረበችው ሐሳብ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ122 ድምፅ ተቀባይነት አገኘ። የተቃወመ መንግሥት አልነበረም፤ 41 መንግሥታት ድምፃቸውን ሲያቅቡ፣ ከእነርሱም ጋራ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ኢትዮጵያ ነበሩ። ቦሊቪያም በ2009 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የውኃ አገልግሎት ለግል ኩባንያ በውል እንዳይሰጥ ከልክላ ነበር። በአገራችንም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጽ የአገሪቱ ዐቅም በፈቀደ መጠን ሕዝቡ ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ የመንግሥት መመሪያ ሊተጋ ይገባል ይላል።

አንድ ነገር ግን በተለይ ልናነሣ እንወዳለን። ኮቻባምባ በምትታመስበት በዚያው በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ስለ ውኃ ሀብት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 197 ወጥቶ ነበር። ይህ ዐዋጅ ውኃ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ካለ በኋላ፣ ለቤት የሚያስፈልገው ውኃ ከሌላው አገልግሎት ኹሉ ቀዳሚ እንዲኾን ደንግጓል። በእጅ ጕድጓድ ለሚቈፍር፣ ከእርሱም ለሚጠቀም፣ በልማድም እርሻውን ለሚያጠጣ ሰው የፈቃድ ወረቀት አያስፈልገውም ብሎ ለይቶ አውጥቷል። የቦሊቪያ ሕግ አርቃቂ ያችን አንዲት መስመር ጽፎ ቢኾን ኖሮ፣ ገበሬውና ከተሜው በአንድ ሰልፍ ባልተሰለፉ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኛም ይህ አነጋገር ከእውነት የራቀ አይመስለንም። አንዲት መስመር በሕግ ውስጥ መገኘቷና በወረዳ ጽሕፈት ቤት መታወቋ ግን አንድ አይደለም፤ በየስፍራው ያሉት ሹማምንት ይህን አንቀጽ ማንበባቸውን መርምሮ ማወቅ የበላዮቻቸው ፈንታ ነው።

ከላይ የውኃ ማነስ ኹለት ዐይነት ነው ብለን ነበር። ቦሊቪያ ፊተኛውንም፣ ማለት የውኃውን ራሱን መጥፋት፣ ማየት ጀምራለች። በላ ፓስ ከተማ አጠገብ ቻካልታያ በሚባለው ተራራ ላይ የነበረው የዘመናት በረዶ በ2009 ፈጽሞ ቀለጠ። ከአገሩ ሐይቆች በስፋት ኹለተኛው የነበረው ፖኦፖ በታኅሣሥ ወር 2015 ደረቀ ተብሎ ታወጀ፤ በኋላ ዝናብ ሲበረታ ጥቂት ውኃ ቢመለስበትም፣ ዓሣ በማስገር ይኖሩ የነበሩት የኡሩ ነገድ ሰዎች ጀልባቸውን በደረቅ ጭቃ ላይ ትተው ጨው ወደሚወጣበትና ማዕድን ወደሚቈፈርበት ስፍራ ለቅጥር ሥራ ሄዱ። ምክንያቱ የዝናብ መቅረትና የአየሩ መሞቅ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ለማዕድንና ለእርሻ ሥራ በላይ በላዩ መጠለፉም ነው። በኅዳር ወር 2016 ደግሞ የላ ፓስ የውኃ ግድቦች ጐድለው የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። በዚያ ጊዜ በመልካም ሰፈር የሚኖሩት ባለጸጎችም ባልዲ ይዘው ተሰለፉ። ጋዜጦችም ስለ ውኃ ብዙ ጻፉ፤ በድርቁ ምክንያት አንድ ሳምንት የተሰለፈው ባለጸጋ፣ ዕድሜውን ኹሉ ከተሰለፈው ድኻ ይልቅ ድምፁ ይሰማል።

የቸገረው ሰው ጊዜም የሚቈጠር ገንዘብ ነው። 20 ሊትር የምትይዝ ጀሪካን 20 ኪሎ ትመዝናለች። የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብና ለእጅ መታጠቢያ በቀን ቢያንስ 20 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል ይላሉ፤ እንግዲህ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን አምስት ጊዜ ወደ ውኃ የሚያመላልስ ሰው ያስፈልገዋል። ይህም ሰው በሚበዛው አገር ሴት ልጅ ናት። መንገዱ ሩቅ ሲኾን ከትምህርት ቤት የምትቀረው እርስዋ ናት። በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ ይህ ወጪ ስለማይጻፍ፣ ቧንቧ የመዘርጋት ወጪ ከእርሱ ጋራ ሳይነጻጸር ኹልጊዜ ውድ ኾኖ ይታያል።

ስለ ሚሲኩኒ ጀምረን ያልጨረስነው ነገር አለ። ውሉ ከፈረሰ በኋላ ሥራው በመንግሥት ገንዘብና በውጭ አገር ብድር እየተጓተተ ቀጠለ፤ ዋሻው ተፈለፈለ፤ 120 ሜትር ከፍታ ያለውም ግድብ ተሠርቶ በ2017 ተመረቀ። ኮቻባምባ ከአንድ ትውልድ በላይ የጠበቀችው ውኃ ተራራውን አቋርጦ ወደ ሜዳው ወረደ። ከግድቡ ወደ ከተማይቱ የሚገባው ታላቁ መስመርና ከእርሱም ወደየሰፈሩ የሚከፋፈለው ቧንቧ ግን ከግድቡ ጋራ አብሮ አልተሠራም ነበር። ስለዚህ በምርቃቱ ማግስት ግድቡ ሞልቶ ሳለ፣ በደቡብ ኰረብታ ላይ ያሉት ሰዎች በርሜላቸውን በደጃቸው አሰልፈው የቦቴውን መኪና ጥሩንባ ያዳምጡ ነበር።